ፕሮጀክት ዲፕሮ፦ ለግብረ ሰናይ ድርጅት ሥራ አስኪያጅና ለአማካሪ ምን ይሰጣል?

በግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ በፕሮጀክት ኃላፊነት ለማደግ፣ ውሎ አድሮም ራሱን ችሎ በማማከር ሥራ ለመሰማራት ለሚያስብ ሰው ከሚቀርቡት ሥልጠናዎች መካከል፣ ልፋቱን የማያስቆጭ ሆኖ ያገኘሁት ፕሮጀክት ዲፕሮ ነው። ሥራ አስኪያጅነትን በሚገባ ያስተምራል፤ አማካሪነትን ግን አያስተምርም። ብዙ ባለሙያዎች ሁለቱን በአንድ የምስክር ወረቀት ለማግኘት ስለሚመዘገቡ ይህን ልዩነት አስቀድሞ መናገር ተገቢ ይመስለኛል።

ሥልጠናውን ያዘጋጀው ፒኤም ፎር ኤንጂኦስ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ቀደም ሲል ፒኤምዲ ፕሮ በሚል ስም ይታወቅ ነበር። የሥልጠናው መመሪያ ከድረ ገጹ በነፃ ይወርዳል። የሚከፈለው ለፈተናው ነው፤ ፈተናውም በበይነ መረብ የሚሰጥና ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች የያዘ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ትምህርቱን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ፣ ከዚያም ፈተናው ያስፈልገው እንደሆነ መወሰን ይችላል። ይህ አሠራር በራሱ የሚያስመሰግን ነው።

የመመሪያው ብርታት የፕሮጀክትን ዕድሜ ከመነሻው እስከ መዝጊያው በምዕራፍ ከፍሎ፣ በየምዕራፉ መካከል የውሳኔ በር ማስቀመጡ ላይ ነው። በእያንዳንዱ በር ላይ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ተቀምጠው ሥራው ይቀጥል፣ ይሻሻል ወይስ ይቁም ብለው ይወስናሉ። ለጋሹ ውሉን ከፈረመ በኋላ «ይህ ፕሮጀክት ሊቆም ይገባዋል» ብሎ የሚናገር ሰው እምብዛም በማይገኝበት በዚህ ዘርፍ፣ ጥያቄውን የግለሰብ ድፍረት ከመሆን አውጥቶ የአሠራር ግዴታ ማድረግ ትልቅ ነገር ነው። ከመመሪያው አንድ ነገር ብቻ ወደ ቢሮዬ ውሰጂ ብባል የምወስደው ይህንን ነው።

ዋናውን ችግር በግንድ፣ መንስኤዎቹን በሥር፣ መዘዞቹን በቅርንጫፍ አድርጎ የሚስለው፣ የችግር ዛፍ የሚባለው መሣሪያም ጊዜ ተወስዶ ሊለመድ የሚገባው ነው። ለምሳሌ አንድ ቡድን በዛፉ ግንድ ላይ «የማሠልጠኛ ማዕከል አለመኖር» ብሎ ቢጽፍ፣ ችግር የጻፈ ይመስለዋል እንጂ የጻፈው አስቀድሞ የመረጠውን መፍትሔ ገልብጦ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትንተና ሁሉ ማዕከል ወደ መገንባት ከመምራት በቀር ሌላ መውጫ አይኖረውም። ግንዱ ላይ «ወጣቶች ትምህርት ጨርሰው ሥራ አያገኙም» ተብሎ ቢጻፍ ግን ሥሮቹ ብዙ ይሆናሉ፦ ክህሎት፣ የመነሻ ገንዘብ፣ የትራንስፖርት ችግር፣ የአሠሪዎች አመለካከት። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ለውጥ ሙሉ በጀት አቅጣጫውን ሊቀይር ይችላል። እኔ ጀማሪ የፕሮጀክት ባለሙያ ስመዝን ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ የሠራውን የችግር ዛፍ ማየት የምመርጠው ለዚህ ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከፕሮጀክቱ ወደ ድርጅቱ ስንወጣ ነው። ስለ ቦርድ፣ ስለ ሀብት ማሰባሰብ፣ ስለ መጠባበቂያ ገንዘብ የሚነግረን ጥቂት ነው። ቀጥተኛ ያልሆኑ ወጪዎችን፣ ማለትም ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የማይውሉትን የድርጅቱን የጋራ ወጪዎች፣ እንውሰድ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በድርድር የተወሰነ የወጪ ምጣኔ የሌላቸው ድርጅቶች ለእነዚህ ወጪዎች ሊጠይቁት የሚችሉትን ምጣኔ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ10 በመቶ ወደ እስከ 15 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ይህንን የማያውቅ ሥራ አስኪያጅ ፕሮጀክቱን በሚገባ እየመራ የሒሳብ ሠራተኛውን ደመወዝና የቢሮውን ኪራይ ያለ ሽፋን ሊተው ይችላል። የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት የሆነው ዩኤስኤአይዲ ከሐምሌ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ዕርዳታ ማስፈጸሙን ሲያቆምም፣ በአንድ ለጋሽ ላይ የቆመ ድርጅት ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ በግልጽ ታይቷል። የየፕሮጀክቱ የሥጋት መዝገብ በሚገባ ተሞልቶም እንኳ ይህን ዓይነቱን የድርጅቱን ሥጋት አያሳይም፤ ሊያሳይ የሚችለው ሁሉንም ፕሮጀክቶች አንድ ላይ የሚያይ ኃላፊ ነው። ለገንዘብ አስተዳደሩ ኤፍኤምዲ ፕሮ የተባለ ሌላ መመሪያ ስላለ፣ ኃላፊነት ላይ ያለ ሰው ሁለቱን አጣምሮ ቢያነብ ይሻለዋል።

የማማከር ሥራ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። በዚህ ዘርፍ ከሚወጡት የማማከር ጨረታዎች ብዙዎቹ የግምገማ ሥራዎች ናቸው፤ ቢጋሮቹም፣ ማለትም ቀጣሪው የሚፈልገውን ሥራ የሚዘረዝሩት ሰነዶች፣ በአብዛኛው የሚጠቅሱት የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የልማት ዕርዳታ ኮሚቴን የግምገማ መስፈርቶች ነው። እነዚህ መስፈርቶች በ1991 እ.ኤ.አ. አምስት ነበሩ፤ በ2019 ቅንጅት ተጨምሮ ስድስት ሆነዋል። አማካሪው ቢጋሩን አንብቦ የተጠየቁት ጥያቄዎች በተፈቀዱት ቀናት ሊመለሱ እንደማይችሉ ሲረዳ፣ በመነሻ ሪፖርቱ ላይ በትሕትናና በማስረጃ መደራደር አለበት። ግኝቱ የቀጠረውን ድርጅት ባያስደስትም ሳይለሳለስ መጻፍ ይኖርበታል። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅባቸውና ክፍያ የሚጠብቅባቸው ቀናት ማንም የማይከፍልባቸው ስለሆኑ፣ የቀን ክፍያውን ሲተምን እነርሱንም አስቦ መሆን አለበት። ከዚህ ሁሉ ፕሮጀክት ዲፕሮ የሚነካው ጥቂቱን ነው።

የሚረዳው ሎግፍሬምን፣ ማለትም የፕሮጀክቱን ዓላማዎች፣ ውጤቶችና መለኪያዎች የሚያሳየውን ሠንጠረዥ፣ በጥሞና በማንበብ ረገድ ነው። «የሠለጠኑ ሰዎች ብዛት» በውጤት ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሲያገኝ፣ ይህ የተሠራውን ሥራ እንጂ በሰዎቹ ኑሮ ላይ የመጣውን ለውጥ እንደማይለካ ወዲያው የሚለይ አማካሪ የግምገማውን ግማሽ መንገድ ሄዷል። ፈተናው ግን ይህን ዓይነቱን ማስተዋል ሳይሆን በአብዛኛው የቃላትና የሂደት ዕውቀትን ይለካል፤ ምርጫ ባላቸው ጥያቄዎች ከዚህ በላይ መመዘንም አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ በዘርፉ ጀማሪ የሆነ ሰው መመሪያውን አንብቦ፣ አሁን በሚሠራበት ፕሮጀክት ላይ የችግር ዛፉን፣ ቻርተሩን (ፕሮጀክቱ በይፋ እንዲጀመር የሚፈቅደውን ሰነድ) እና የሥጋት መዝገቡን በእጁ ከሠራ በኋላ ቢፈተን እመክራለሁ። ዓመታት የሠራና ወደ ማማከር ሊሻገር የተዘጋጀ ባለሙያ ደግሞ በክትትልና ግምገማ ላይ ያተኮረውን ሚል ዲፕሮ ቢያስቀድም፣ ከዚያም ልምድ ካለው ገምጋሚ ሥር በረዳትነት አንድ ሙሉ ግምገማ ቢሠራ፣ ለመጀመሪያው የራሱ ጨረታ የሚያቀርበው ማስረጃ ይኖረዋል።