ጠንቋይዋ ስትናገር፦ የየካ አባዶው የቅዳሜ ተረት

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከአንድ ብሎክ ሥር ባለች ንግድ ቤት ውስጥ የምትሠራ አነስተኛ መጽሐፍ ማከራያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሠፈሩ ልጆች የተረት ሰዓት ታዘጋጃለች። ሰሞኑን የሚተረከው አሜሪካዊው ደራሲ ኤል. ፍራንክ ባውም እ.ኤ.አ. በ1900 ያሳተመው የኦዝ አገር ታሪክ ሲሆን፣ የሚነገረው ግን በባለታሪኳ በዶሮቲ በኩል ሳይሆን በምዕራቧ ክፉ ጠንቋይ አንደበት ነው። ከመሀል ከተማ ርቀን ለምንኖር፣ ልጆቻችንን ቴአትር ቤት ለማድረስ ግማሽ ቀናችን በታክሲ ሰልፍ ለሚያልቅብን ወላጆች እንዲህ ያለ ዝግጅት በደጃችን መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ይህን የምጽፈው ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ትረካው እጅግ የተሳካ ሆኖ ሳለ መጨረሻው ላይ አንድ ከባድ ጉድለት አለበትና።

ተራኪዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ልጆቹም «ቲቸር» ይሏቸዋል። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ፤ ከዚያ አንድ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው፣ ድምፃቸውን ለውጠው ይጀምራሉ። ይህ ዝም ብሎ የተጨመረ ማሳመሪያ አይደለም። በባውም ድርሰት ጠንቋይዋ አንድ ዓይን ብቻ ያላት፣ በዚያችው ዓይን ግን እንደ ቴሌስኮፕ አርቃ የምታይ ናት፤ ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አረንጓዴ ፊቷ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1939 ከወጣው ፊልም ነው። ቲቸር ፊት መቀባትም ሆነ ልዩ ልብስ አላስፈለጋቸውም።

የትረካው ዋነኛ ጥንካሬ ለጠንቋይዋ ቅሬታ የሚሆነውን ማስረጃ ከራሱ ከመጽሐፉ ማውጣቱ ነው፤ በዶሮቲ ዓይን ስናነብ ልብ ሳንለው የምናልፈው ብዙ ነገር አለና። አንዲት ልጅ ከነቤቷ ከሰማይ ወርዳ የምሥራቋን ጠንቋይ ጨፍልቃ ገደለች፤ የሟቿንም የብር ጫማ አጥልቃ መንገዷን ቀጠለች። የኦዝ ገዥ ደግሞ ወደ አገሯ እንዲመልሳት ብትለምነው፣ አስቀድማ የምዕራቧን ጠንቋይ እንድትገድልለት አዘዛት። እንግዲህ ጠንቋይዋ አሻግራ ስትመለከት ያየችው መጥረቢያ የያዘ የቆርቆሮ ሰው፣ አንድ አንበሳ፣ አንድ የገለባ ሰውና የሟቿን ጫማ ያደረገች ልጅ ግዛቷ ውስጥ ገብተው ነው። «ማን ላካቸው? ምን በደልኳቸው?» ይላሉ ቲቸር በጠንቋይዋ ድምፅ፤ ጥያቄው ደግሞ እውነተኛ ጥያቄ ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት የተኩላዎቹን ክፍል ነው። በመጽሐፉ ጠንቋይዋ በአንገቷ ያለውን የብር ፊሽካ ነፍታ 40 ተኩላዎች ትልካለች፤ የቆርቆሮው ሰውም አንድ በአንድ አንገታቸውን ይቀላል፤ በነጋታው ሬሳቸውን አይታ ትቆጣለች፣ ወዲያው 40 ቁራዎችን ትልካለች፣ ታሪኩም ይቀጥላል። ቲቸር ግን እዚህ ላይ አልቸኮሉም። በክር አንጠልጥለው በአንገታቸው ያሰሯትን ፊሽካ አንድ ጊዜ ነፍተው ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ፤ ማንም አልመጣም፤ እንደገና ሊነፉ ፊሽካዋን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉና ተዉት። ፊት ለፊት የተቀመጡት ልጆች ዞረው በሩን ሲያዩ ተመልክቻለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጠንቋይዋ ክፋት አልተሸፈነም። ዶሮቲን ማርካ ድስትና ሰሐን ስታሳጥባት፣ ወለል ስታስጠርጋት፣ እሳት ስታስጠብቃት እንሰማለን። ልጅቷ ጠንቋይዋ የምትመኘውን የብር ጫማ የምታወልቀው ሌሊትና ገላዋን ስትታጠብ ብቻ መሆኑ፣ ጠንቋይዋ ግን ጨለማን ስለምትፈራ ሌሊት መግባት አለመቻሏ፣ ውኃን ደግሞ ከጨለማም አብልጣ መፍራቷ፣ በመጨረሻም የማይታይ ብረት በማዕድ ቤቱ ወለል ላይ አጋድማ ልጅቷን በማደናቀፍ አንዱን ጫማ መውሰዷ፣ ሁሉም ይነገራል። «አዎ፣ ብረቱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» ሲሉ አንድ ሕፃን ከኋላ «ሌባ!» ብሎ ጮኸ፤ ቲቸርም አላስተባበሉም። የክፉ ሰው ታሪክ በራሱ አፍ ሲነገር እንዲህ መሆን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ጉድለቱ የመጣው ጫማዋ የተወሰደባት ዶሮቲ ተናዳ የደፋችው ውኃ ጠንቋይዋን አቅልጦ ከገደላት በኋላ ነው። በመጽሐፉ የምዕራቡ አገር ነዋሪዎች የሆኑት ዊንኪዎች የጠንቋይዋ ባሪያዎች ነበሩ፤ በሞተች ጊዜም ነፃነታቸውን በደስታ ያከብራሉ። በየካ አባዶው ትረካ ግን ዊንኪዎቹ እመቤታቸውን የሚወዱ ታማኝ አገልጋዮች ሆነው አልቅሰው ይቀብሯታል። ቲቸር «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ከጨረሱ በኋላ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ ዊንኪዎቹ ለምን አልሸሹም?» ብላ ጠየቀች፤ የተሰጣት መልስ «ስለሚወዷት» የሚል ነበር። ይህ መልስ አሳዝኖኛል። ጠንቋይዋ ስለ ዊንኪዎቹ ልትዋሽ ትችላለች፤ ሰው ራሱን ሲከላከል ይዋሻል፤ ተራኪዋ ግን ውሸቱን ልጆቹ እንዲደርሱበት ቀዳዳ መተው ነበረባቸው። አንድ ዊንኪ ብቅ ብሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ቢናገር ይበቃ ነበር። የአንዷን ብሶት ለመስማት ስንል ሕዝብ ሙሉ ዝም ማሰኘት አልነበረብንም። ከዝግጅቱ በኋላ ይህንኑ ለቲቸር ነግሬያቸዋለሁ፤ በትሕትና አድምጠውኛል።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ የመግቢያው ዋጋ 50 ብር ሲሆን ልጁ አንድ መጽሐፍ ተውሶ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲያቆይ ያስችለዋል፤ ይህ ተመጣጣኝ ነው። ክፍሏ ጠባብ በመሆኗ ዘግይተው የሚመጡ ልጆች በር ላይ ቆመው ያዳምጣሉ፤ እዚያ ደግሞ የባጃጅ ድምፅ ትረካውን ይውጠዋል። ስለዚህ ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል። የተኩላዎቹ ክፍል ከስድስት ዓመት በታች ያሉትን ሊያስፈራ ስለሚችል እነርሱን ይዛችሁ የምትመጡ ወላጆች አብራችሁ ብትቀመጡ መልካም ነው፤ ለትልልቆቹ ግን ሳላመነታ እመክራለሁ።