አውቶማቲክ የአኳሪየም ውሃ መሙያ፦ ከጥቅምት እስከ ክረምት ተጠቅሜበት ያየሁት

አዲስ አበባ ውስጥ ዓሣ የሚያረባ ሰው ጥቅምት መግባቱን ከገንዳው ያውቃል። አየሩ ይደርቃል፣ ነፋሱ ይበረታል፣ ውሃው ማንም ሳይነካው ይወርዳል። የኔ ገንዳ 100 በ40 ሳንቲሜትር ነው። 1 ሳንቲሜትር ጎደለ ማለት 4 ሊትር ተነነ ማለት ነው። ዝም ከተባለ ፊልተሩ አየር እየሳበ መጮህ ይጀምራል። ማሞቂያው ከውሃ ውጭ እየሠራ ከቀረ ደግሞ የራሱ የማሞቂያው መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

መሙያውን የገዛሁት በተለይ ለጉዞ ብዬ ነው። ለገና ቤተሰብ ጥየቃ ስንሄድ ቁልፍ ለጎረቤት እንሰጥ ነበር። ጎረቤታችን ደግሞ እጁ ለጋስ ነው፤ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ በባልዲ አንዴ ግልብጥ!

ዕቃው ቀላል ነው። በማግኔት መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር፣ አንዲት ትንሽ ፓምፕ፣ ቀጭን ቱቦ፣ በቃ። ፓምፑ ጀሪካን ውስጥ ይቀመጣል። ውሃው ከሴንሰሩ በታች ሲወርድ ይነሳል፣ ሲደርስ ይቆማል። አንዴ የሚጨምረው ትንሽ ስለሆነ ዓሦቹ ብርድ አይመታቸውም። የኔው ሴንሰር በብርሃን የሚሠራ ነው። በተንሳፋፊ የሚሠራም አለ፣ ረከስ ይላል። ገንዳው ውስጥ ቀንድ አውጣ ያለው ሰው ግን ባይገዛው ይሻላል። ቀንድ አውጣዋ ተንሳፋፊው ላይ ጉብ ካለች ማሽኑ ውሃ የጎደለ ይመስለዋል። ከዚያ ሳሎኑን ማሰብ ነው።

እንዲያውም የዚህ ዕቃ ዋናው ጉዳይ ማሽኑ አይደለም፣ ጀሪካኑ ነው። ሴንሰሬ ከገንዳው አፍ 4 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ተለጥፏል። ስለዚህ ከዚያ በላይ የሚይዘው 16 ሊትር ብቻ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቼ ብተው፣ ሴንሰሩ አንድ ቀን ቢበላሽ 4 ሊትር ምንጣፍ ላይ ይፈሳል። 15 ላይ በማርከር አስምሬበታለሁ፤ ከዚያ በላይ አይሞላም። እንዲህ ከሆነ ማሽኑ ቢያብድም የሚያመጣው ጣጣ የለም። የጀሪካኑ አፍ ፓምፑን ስለማያስገባ ከላይ በቢላ መቅደድ ግድ ነው። ክፍት መሆኑ ጠቅሟል፤ የቧንቧው ውሃ አንድ ሁለት ቀን ሲያድር ክሎሪኑ ይወጣለታል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ መጠባበቂያም ሆነ ማለት ነው።

ቱቦው ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። መመሪያው በአንድ መስመር ነው የሚያልፈው። ጀሪካኑ ከገንዳው ውሃ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ፓምፑ ቢቆምም ውሃው በራሱ መውረዱን ይቀጥላል። ጀሪካኑን መሬት አድርጎ የቱቦውን ጫፍ ገንዳው ውስጥ ቢነክሩት ደግሞ የገንዳው ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጀሪካኑ ከታች፣ የቱቦው ጫፍ ከውሃው በላይ። ሌላ ብልሃት የለውም።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የኔው ራሱ ይነሳል። ቁልፉን ካልተጫኑት የማይነሳ ዓይነትም ስላለ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። እኛ ጋ ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ነገር ነው።

የሚያናድደኝ ጩኸቱ ነው። ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ፓምፑ ትንሽ ይሞክርና ያቆማል፤ በደረቁ እንዳይቃጠል ነው፣ ጥሩ። ከዚያ ግን ጲጵ ጲጵ ይላል፣ ያውም ሌሊት። ድምፁን መቀነሻ የለውም። ሁለተኛው ጣጣ ሴንሰሩ ላይ የሚይዘው አረንጓዴና ነጭ ነገር ነው። ሲቆሽሽ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስለውና ዝም ይላል። በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ካጸዱ በኋላ በደንብ ማለቅለቅ ነው።

ውሃ ቅየራን ይተካል ብሎ የገዛ ሰው ተሸውዷል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ማዕድኑ እዚያው ይቀራል፣ በላዩ ላይ ሌላ እየጨመርን ነው። በተለይ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ልብ በሉ፣ በአብዛኛው ከግድብ ውሃ የበለጠ ማዕድን አለው። ክረምት ላይ እኔ ዝናብ እሰበስባለሁ። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ቆርቆሮው እስኪታጠብ አሳልፋቸዋለሁ። ለነገሩ ሐምሌና ነሐሴ ማሽኑ ሥራ የለውም ማለት ይቻላል።

ሁልጊዜ ቤት የሚውል ሰው ይግዛው? አይመስለኝም። መጀመሪያ የመስታወት ክዳን ያሠራ፤ ትነቱ ይቀንስለታል። ቀሪውን በጆግ መሙላት ይችላል። ለሚጓዝ ሰው ግን ደግሜ እመክረዋለሁ። የጨው ውሃ ለሚይዝ ደግሞ ግድ ነው እንጂ ምርጫም አይደለም፤ ውሃው በጎደለ ቁጥር ጨውነቱ ይጨምራል።

ሰሞኑን ፓምፑ ማንጓጓት ጀምሮ ነበር። ፈትቼ ውስጧን በጥርስ ብሩሽ ስፈትጋት ተስተካከለች። መለዋወጫ የምትፈልጉ ቮልቱን እዩ፣ የኔዋ 12 ናት።