የቮልሴ መሪ ከታደሰ 8 ወር ሆነው

ከአባቴ የወረስኳት ቮልስ የ1968 እ.ኤ.አ. ስሪት ናት። መሪዋ በጣም ተጎድቶ ነበር። ሁለቱ ክንዶች ከክቡ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ተሰነጣጥቆ እጅ ይቧጭራል። የመሪው ውስጥ ብረት ነው፣ ውጪው ጠንካራ ፕላስቲክ። ፕላስቲኩ ፀሐይ እየመታው በዓመታት ይደርቃል፣ ይኮማተራል። ብረቱ ግን አብሮት አይኮማተርም። መሰንጠቁ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የሰጠሁት ጋራዥ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ ጥቁር ስፕሬይ ነፋበት። ስረከበው አምሮ ነበር። 2 ወር ሳይሞላው ግን እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ቀለሙም ላብ ሲነካው እጄ ላይ ይቀር ጀመር። በጣም ተናደድኩ።

ሁለተኛ የሠሩልኝ በዕድሜ ገፋ ያሉ ባለሙያ ናቸው። «ጋሼ፣ እንደገና ቢሰነጠቅስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ብረቱ እስኪታይ ካልተከፈተ ምን ብትሞላው አይዝም» አሉኝ።

የስንጥቁን አፍ በመጋዝ አሰፉት። ዝገቱን ጠረጉ። ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ነገር ሲቀላቀል የሚጠነክር ማጣበቂያ፣ ቀላቅለው ሞሉና 24 ሰዓት ተዉት። ከዚያ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምረው እስከ 400 ድረስ አለሰለሱት። በመጨረሻ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚገባበት የመኪና ቀለም ቀቡት። «ሳምንት ሳይሞላው እንዳትነካው» ብለው አስጠነቀቁኝ፤ እኔም አልነካሁትም።

እስኪያልቅ ድረስ ትንሽ ባለ ቆዳ የስፖርት መሪ አስገጥሜ ነበር። ለዓይን ያምራል። ግን ቮልስ የመሪ አጋዥ የላትም፤ ፓርክ ሳደርግ ትከሻዬ አለቀ። የድሮው መሪ ስፋቱ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ያ ስፋት ለጉልበት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

የታደሰውን በጥቅምት ገጠምነው። በጋውን ሙሉ መኪናዋ ጥላ የሌለበት ቦታ ስትቆም ከረመች። ኢፖክሲ የገባባቸው ቦታዎች አንዳቸውም አልተከፈቱም። እጄ የሚያርፍበት ግን ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል። ከላይ በኩል ደግሞ፣ ያልተነካው የድሮ ፕላስቲክ ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ አዲስ መስመር ወጥቷል።

አንድ ነገር አደራ፦ መሪውን የያዘውን ዳዶ ከመፍታታችሁ በፊት መሪው የነበረበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት። የኔን ሲፈቱት ማንም አላሰበውም። ስንገጥመው ቀጥ ብዬ እየነዳሁ ክንዶቹ ይንጋደዳሉ፣ ፍሬቻውም በአንድ በኩል ቀድሞ ይመለሳል። እንደገና ተፈትቶ ነው የተስተካከለው። ክንዱ የተጣመመ ወይም ብረቱን ዝገት የበላው መሪ ከሆነ ደግሞ ጥገናውን ተዉት፤ ሌላ መሪ ፈልጉ።

ያቺን ቀጭን መስመር ሳትሰፋ አስከፍቼ አስሞላታለሁ። ክረምቱ ይውጣና ወደ ጋሼ እወስደዋለሁ።