ኮንፈረንስ ወይስ ጆርናል? ትንሽ ኃይል የሚበላ ሰርኪዩት ለሠራ ሰው

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው። ጓደኛዬ ማስተርሱን ሊጨርስ ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሰርኪዩት ዲዛይን አድርጓል። ታዲያ ስለ ሥራው የጻፈውን ለኮንፈረንስ ይላከው ወይስ ለጆርናል?

በሌላ ዘርፍ ቢሆን ጆርናል እለው ነበር። እዚህ ግን ኮንፈረንስ ትልቅ ስም አለው። ሳን ፍራንሲስኮ በየዓመቱ የካቲት ላይ የሚካሄደው ትልቁ የቺፕ ሰርኪዩት ኮንፈረንስ፣ አይኤስኤስሲሲ (ISSCC)፣ ላይ መቅረብ ለቺፕ ሰዎች ሠርግ ነው። መልሱ በወራት ይመጣል። ችግሩ ገጹ ጠባብ ነው፣ ብዙ ጊዜም ተሠርቶ የተለካ ቺፕ ይጠበቃል። የጓደኛዬ ገና በኮምፒውተር የተሞከረ ሲሙሌሽን ነው። ቪዛና ቲኬቱን ተዉት።

ጆርናል ቀርፋፋ ነው። ገምጋሚ ይመልሳል፣ ታርማለህ፣ እንደገና ይመልሳል። ግን ሐሳብን ዘርግቶ ለማስረዳት ቦታ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1992 ተመራማሪዎቹ ቻንድራካሳን፣ ሼንግና ብሮደርሰን ትንሽ ኃይል ስለሚበላ ሰርኪዩት ያወጡት ጽሑፍ የጆርናል ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ ሰርኪዩቱ ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይሄዳል። ፍጥነቱ ሳይቀየር ቮልቴጁን በግማሽ ብትቀንስ ፍጆታው ወደ ሩብ ይወርዳል። በተግባር ግን ቮልቴጁ ሲቀንስ ሰርኪዩቱ ይዘገያል። መላው ሥራውን ጎን ለጎን ለሚሠሩ ክፍሎች ማካፈል ነው። ይህን በኮንፈረንስ ጠባብ ገጽ ማስረዳት ይከብዳል።

በኋላ ትራንዚስተሩ ሲያንስ ሥራ ፈቶም የሚያፈስሰው ኃይል መነጋገሪያ ሆነ። ዛሬ ደግሞ ወሬው ሁሉ ኤአይ ነው።

ክፍያ? ማንም በነጻ ከሚያነባቸው ክፍት ጆርናሎች ጸሐፊውን የሚያስከፍሉ አሉ፤ ኮንፈረንስም መመዝገቢያ አለው።

እኔ ጆርናል አልኩት። እሱ ሁለተኛ ቡና አዘዘ፤ መጀመሪያ አጠር አድርጎ ለኮንፈረንስ፣ ከዚያ አስፍቶ ለጆርናል ሊልክ ነው። ይቻላል፣ የተለመደም ነው።