ስማርት ቦርድ ሲገዛ፦ ኢንፍራሬድ፣ ካፓሲቲቭ ወይስ በብዕር የሚሠራው?

ለትምህርት ቤት ስማርት ቦርድ ልትገዙ ፕሮፎርማ ሰብስባችኋል እንበል። ሁሉም ወረቀት ላይ የስክሪኑ መጠን ተጽፏል፤ «20 ነጥብ ተች» የሚልም አይጠፋም። ሰሌዳው ንክኪን የሚያውቀው በምን ዘዴ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይገለጽም። ዕቃው ተገጥሞ ሥራ ሲጀመር መምህሩን የሚያስደስተውም የሚያማርረውም ይኸው ነው። የነጥቡን ብዛት ለጊዜው እርሱት፤ ሃያ ጣት በአንዴ ሰሌዳ ላይ የሚያሳርፍ ክፍል የት አለ?

ዛሬ ገበያው ላይ በብዛት ያለው ኢንፍራሬድ ነው። በስክሪኑ ዙሪያ ባለው ፍሬም ውስጥ ዓይን የማያየው ብርሃን የሚረጩ ጥቃቅን መብራቶች ተደርድረዋል። ከማዶ ብርሃኑን የሚቀበሉ ሴንሰሮች አሉ። ጣት መሀል ሲገባ ጨረሩ ይቋረጣል፤ ሰሌዳውም የት ጋ እንደተቋረጠ ያሰላል። ዘዴው ለክፍል አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ኮምፒውተር፣ ፕሌቶ 4፣ 16 በ16 የሆነ የኢንፍራሬድ ንክኪ ነበረው።

ጥሩነቱ በምንም ነገር መሥራቱ ነው። ጣት፣ ጓንት ያጠለቀ እጅ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የመጠቆሚያ ዱላ፣ ሁሉም ያስኬዳል። በትልልቅ መጠን፣ በ75 እና በ86 ኢንች፣ ዋጋውም ከካፓሲቲቭ ይቀላል።

ጣጣው የሚጀምረው ጨረሩ ከመስታወቱ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ በማለፉ ነው። መስታወቱን ሳትነኩ፣ ገና ስትጠጉ ሰሌዳው «ተነካሁ» ይላል። የሹራብ እጅጌ ወይም የነጠላ ጫፍ ከጣት ቀድሞ መስመር ያሰምራል። በአማርኛ ፊደል ላይ ይሄ ጎልቶ ይታያል። «ቀ»ን ጽፋችሁ «ቁ» ለማድረግ እጃችሁን ትንሽ ብቻ አንስታችሁ ቅጥሏን ስትጨምሩ፣ ፍሬሙ ርካሽ ከሆነ እጅ መነሳቱ አይገባውም። ሁለቱን በጭረት ያያይዛቸዋል። ስለዚህ ሻጩ ጋ ስትሄዱ ፎቶ በጣት ማሳደጉን አድንቃችሁ አትመለሱ፤ እሱን ሁሉም ይችለዋል። «ጨ፣ ጩ፣ ጪ» እያላችሁ በትንንሹ፣ በምትጽፉበት ፍጥነት ጻፉ። ከዚያ ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ አስጠጉና መስመሩ ከምን ያህል ርቀት እንደሚጀምር ተመልከቱ። መስታወቱ ጋ ልትደርሱ ስትሉ ከጀመረ አሪፍ ነው።

ኢንፍራሬድ ሁለት ጠላት አለው፦ ፀሐይና አቧራ። በመስኮት የገባ ፀሐይ በቀጥታ ፍሬሙ ላይ ካረፈ ሴንሰሮቹ ይደናገራሉ። አቧራውን ደግሞ እኛ ራሳችን እናመጣለን። ጥቁር ሰሌዳው አይነሳም ተብሎ ስማርት ቦርዱ ከጎኑ ይሰቀላል። የጠመኔው ብናኝ የታችኛው ፍሬም ላይ ይተኛል። ከዚያ ማንም ሳይነካው የሚጫን፣ ወይም ጭራሽ የማይሰማ ቦታ ይፈጠራል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ቴክኒሺያን ሳይሆን ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ ፍሬሙን ውስጥ ውስጡን መጥረግ።

ካፓሲቲቭ ስልካችሁ ላይ ያለው ነው። ከመስታወቱ ሥር ያለው የሽቦ መረብ የጣትን ኤሌክትሪካዊ ተጽዕኖ ይለካል። መስመሩ የሚጀምረው ጣት መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ፊደል አይያያዝም፣ ፀሐይና ብናኝም ግድ አይሰጠውም። ፍሬሙም ቀጭን ነው፣ ያምራል። ነገር ግን ውድ ነው። የእንጨት ዱላም ተራ ጓንትም አያውቅም። መስታወቱ ከተሰበረ ንክኪውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሌላው ኧርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ ነው። የሕንፃው ኧርዝ በትክክል ካልተዘረጋ፣ ካፓሲቲቭ ስክሪን ላይ መስመሩ ሊንቀጠቀጥ ወይም ያልተነካ ቦታ ሊጫን ይችላል። የድሮ ግቢ ከሆነ ኤሌክትሪሺያኑ አስቀድሞ ይይ።

በብዕር የሚሠራው ኤሌክትሮማግኔቲክ ለብቻው የቆመ ዓይነት ነው። እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተው የፕሮሚትያን ኩባንያ አክቲቭቦርድ በዚህ ይታወቃል። ከጠንካራው ሰሌዳ ጀርባ ሽቦ ተዘርግቷል፤ ብዕሩ ባትሪ ሳያስፈልገው ከሽቦው ኃይል ያገኛል። ሰሌዳው የሚያውቀው ብዕሩን ብቻ ስለሆነ መዳፋችሁን አሳርፋችሁ እንደ ወረቀት ትጽፋላችሁ። ሰሌዳ ሙሉ ቀመር ለሚጽፍ የሒሳብ መምህር እኔ ከሁሉም ይሄን እመርጥለታለሁ። ችግሩ ብዕሩ ከጠፋ ሰሌዳው ዝም ይላል። በጣት ስለማይሠራ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ደግሞ አንድ ብዕር ይሻማሉ። ዋናውን ለመምህሩ ሰጥታችሁ መጠባበቂያውን ቢሮ ቆልፉበት።

ሬዚስቲቭ ዱሮ የገነነ ነበር። የካናዳው ስማርት እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የመጀመሪያው ስማርት ቦርድ በዚህ ነው የሚሠራው። ሁለት ስስ ሽፋኖች ሲጫኑ ይገናኛሉ። ላዩ ለስላሳ ስለሆነ ይጫራል፤ አሁን በአዲስ ዕቃ ብዙም አትፈልጉት።

እንግዲህ ለተራ ክፍል የኔ ምርጫ ደህና ኢንፍራሬድ ነው፤ መስኮቱ መጋረጃ ይኑረው፣ ጠመኔውም ራቅ ይበል። ገንዘብ ላለውና ንፁሕ ለሆነ የስብሰባ ክፍል ካፓሲቲቭ ይሁን። ፕሮፎርማ ስትጠይቁ የንክኪውን ዓይነት በጽሑፍ አስፍሩ፤ ኢንፍራሬድ ከሆነ ፍሬሙ ለብቻው መለዋወጫ እንዳለውም ጨምራችሁ ጠይቁ።

ከውጭ አገር ያለ ወገን ያገለገለ ሰሌዳ ልላክላችሁ ካለ ደግሞ በፕሮጀክተር የሚሠራ የዱሮው ዓይነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እንዲህ ያለው ፕሮጀክተሩ በተነካ ቁጥር ካሊብሬት መደረግ፣ ማለትም የሚነካው ቦታና ምስሉ እንደገና እንዲገጥሙ መስተካከል፣ አለበት። ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ብዕሩ አብሮ አለ ወይ፣ ሶፍትዌሩ እናንተ ባላችሁ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል ወይ፣ ገመዱስ ተሟልቷል ወይ። ብዕር የሌለው ኤሌክትሮማግኔቲክ ሰሌዳ ከሆነ የመርከቡን ሂሳብ አትክፈሉ።