ጠባሳዋ ትንሽ፣ ያልተነገረኝ ጣጣ ግን ብዙ

በዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) መንሸራተት ወገቤ ላይ በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ሁለቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፤ በአምስት ወር ልዩነት፣ ያውም እዚያው ቦታ ላይ። የመጀመሪያውን ሆስፒታል ስም አልጠራም፣ አገልግሎቱን ግን እነግራችኋለሁ።

ቀዶ ሕክምናውን አላማም። ቀዳዳዋ አንድ ሳንቲሜትር አትሞላም፣ በማግስቱ ቤቴ ነበርኩ። ከቂጤ እስከ እግሬ ጣት እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኝ የነበረው ሕመም ስነቃ የለም! ሐኪሙን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ጉዱ የመጣው ስወጣ ነው። «ከባድ ነገር አታንሳ» ተባልኩ፣ አለቀ። እስከ መቼ? ስንት ኪሎ ነው ከባድ የሚባለው? ዝም። ጠባሳዋን በመስታወት ሳያት ደግሞ የጥፍር ጭረት ነው የምትመስለው፣ ስለዚህ ድኛለሁ ብዬ በሁለተኛው ሳምንት ሻንጣ መሸከም ጀመርኩ። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ጫማዬን ከአልጋ ስር ለማውጣት ጎንበስ ብዬ ዞር ስል ያ ንዝረት ከች አለ።

ሁለተኛው ሐኪም ኤምአርአዩን ፊቴ ዘርግቶ አስረዳኝ። ለካ የሚወጣው ነርቩን የተጫነው ቁራጭ ብቻ ነው፣ የተቀረው ዲስክ እዚያው ይቀመጣል። ቁራጩ የወጣበት የዲስኩ የውጨኛው ቀለበት ቀዳዳም አብዛኛውን ጊዜ በክር ተሰፍቶ አይዘጋም። ቀዳዳው 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ዲስኩ ተመልሶ የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። ታዲያ ለምን ሙልጭ አድርገው አያወጡትም? ብዬ ጠየቅኩት። ያኔ ደግሞ የወገብ ሕመሙ ይብሳል አለኝ። ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 15 የሚሆነው ዲስኩ ይመለስበታል፣ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ግን ሁሉም አይደለም።

ውፍረትና ስኳርም አደጋውን ይጨምራሉ። የእኔ ግን ሲጋራ ነው፣ በቀን ግማሽ ፓኮ። ዲስክ የራሱ ደም ስር ስለሌለው ምግቡ ከጎኑ ካለው አጥንት እየሰረገ ነው የሚደርሰው፣ ሲጋራ ደግሞ ያችኑ መንገድ ታጠብባለች። የመጀመሪያዎቹ ቅጽ ላይ «ያጨሳል» ብለው ምልክት አድርገዋል እኮ! አንድ ቃል ግን አልተናገሩም።

ለእጃቸው ከ5 5፣ ለአፋቸው 1። ቀዶ ሕክምናውን የምታደርጉ ከሆነ የዲስኩ ቀዳዳ ምን ያህል እንደሆነና ለስንት ሳምንት መጎንበስ እንደሌለባችሁ ሳትጠይቁ እንዳትወጡ። ሐኪሙ በዚህ መሣሪያ ስንት ሰው እንደሰራም ጠይቁ፣ አትፈሩ። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ብሽሽት አካባቢ ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እኔ ሲጋራውን ትቻለሁ። ከአልጋ ስር የገባ ጫማ ደግሞ ልጄ ታወጣልኛለች።