ፒ0420 ሲመላለስ፦ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን መቀየር ወይስ ሴንሰሮቹን አስቀድሞ መመርመር?

የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ፣ ኮዱ ተሰርዞ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ፒ0420 የተባለ የብልሽት ኮድ ተመልሶ ሲመጣ ለባለመኪናው ሁለት መንገዶች ይቀርቡለታል።

አንደኛው ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ ማለትም በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ፣ ወዲያው መቀየር ነው። ሥራው ፈጣን ነው፤ ዕቃው ግን ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስለሚይዝ ውድ ነው። ኮዱም የሚናገረው የጭስ ማጣራቱ ብቃት መውረዱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም።

ሁለተኛው፣ እኔም የማስቀድመው፣ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለኩትን የኦክስጅን ሴንሰሮች ንባብ በስካነር መመልከት ነው። የፊተኛው (ከኮንቨርተሩ በፊት ያለው) ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ባለው መካከል ቶሎ ቶሎ ሲዋዥቅ (በብዙ ቶዮታዎች የፊተኛው ሌላ ዓይነት በመሆኑ ይህ መለኪያ አይሠራበትም)፣ ከኮንቨርተሩ በኋላ ያለው 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ ረግቶ መቆየት አለበት፤ የኋለኛውም አብሮ የሚዋዥቅ ከሆነ ኮንቨርተሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት ግን የጭስ ማውጫው መገጣጠሚያ ላይ ጥቁር ጥላሸት መኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ በስንጥቁ የሚገባ አየር ሴንሰሩን ያሳስተዋልና። ይህ መንገድ ጊዜና ንባቡን መተርጎም የሚችል መካኒክ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው የሚያዋጣው ኮንቨርተሩ በእጅ መታ መታ ሲደረግ ውስጡ የተሰባበረ ነገር ከተንኳኳ ነው። ያኔም ቢሆን፣ በካንዴላ ወይም በኮይል ብልሽት ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው የሚለቅ ሞተር ሳይስተካከል ከቀረ፣ አዲሱም ኮንቨርተር በሙቀት ይቀልጣል።